ጥያቄና መልስ፦ የቫይታሚን ሲ ልክ

ስለ ቫይታሚን ሲ አለካክ የደረሱን ጥያቄዎች በዛ ስላሉ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ረጅሙን መልስ የሰጠነው ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ነው። ሌሎቹም ከእሱ የሚወስዱት ስላለ አስቀድመው እሱን ቢያነቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ጭማቂ ቤት አለኝ። ደንበኞች «ይሄ ብርጭቆ ስንት ቫይታሚን ሲ አለው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ የምመልሰው የለኝም። ላቦራቶሪ ማስመርመር ከአቅሜ በላይ ነው። ራሴ ልለካው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፣ እህታችን። መለኪያው ከፋርማሲ የሚገዛ ሲሪንጅ ነው፤ ኬሚካሉም ቁስል የምንጠርግበት አዮዲን ነው። ቫይታሚን ሲ አዮዲንን እየበላ ቀለሙን ያጠፋዋል። ስታርች ደግሞ ያልተበላ አዮዲን ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ስታርች በገባበት ጭማቂ ላይ አዮዲን በጠብታ ሲጨምሩ፣ ቫይታሚኑ እስካለ ድረስ ሰማያዊው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቫይታሚኑ ሲያልቅ ግን ቀለሙ አልሄድ ይላል። እዚያ ለመድረስ የፈጀው አዮዲን የቫይታሚኑን ልክ ይነግርዎታል።

ከፋርማሲ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን፣ ባለ 10 እና ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች (መርፌው አያስፈልግም)፣ እንዲሁም የሚዋጥ፣ ጣዕምና ቀለም የሌለው የ500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ክኒን ይግዙ። የበቆሎ ስታርች፣ ነጭ አቼቶ፣ የታሸገ ውሃና ግራም የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን ከሱቅዎ አይጠፋም።

መጀመሪያ ስታርቹን ያዘጋጁ። ያልተቆለለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ያፍስሱት፤ አንድ ደቂቃ ያንተክትኩትና ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ትኩስ ስታርች ላይ ሰማያዊው ቀለም ስለማይወጣ እዚህ ላይ መቸኮል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር ፖቪዶን አዮዲን በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ ያቅጥኑና ክዳን ባለው ጠርሙስ ያስቀምጡ።

ሦስተኛው ማመሳከሪያው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ክኒኑን በታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ያድቅቁት፤ ዱቄቱን አንድም ሳያስቀሩ 500 ግራም ውሃ ውስጥ ይበጥብጡት። ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር የክኒኑ ማያያዣ ስለሆነ አያሳስብዎ። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለ።

ከማመሳከሪያው 5 ሚሊ ሊትር ወስደው ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉ። 20 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 ሚሊ ሊትር አቼቶና 1 ሚሊ ሊትር ስታርች ይጨምሩበትና ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩን ሲሪንጅ በተቀጠነው አዮዲን ሞልተው፣ የአየር አረፋውን ካስወጡ በኋላ፣ ብርጭቆውን እያሽከረከሩ ያንጠባጥቡ። መጀመሪያ ጠብታው እንዳረፈ ይጠፋል። ወደ መጨረሻው ሰማያዊው ጭረት እየሰፋ፣ እየዘገየ ነው የሚጠፋው፤ ያኔ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩ። መላው ብርጭቆ ሰማያዊ ሆኖ 20 ሰከንድ ሲቆይ ያቁሙና ያነቡትን ይጻፉ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። በሦስቱ መካከል ከ0.2 ሚሊ ሊትር በላይ ልዩነት ካለ እጅዎ ገና ስላልለመደ እንደገና ይሞክሩ።

10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ያለው አዮዲን 1 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ንባብዎ 7 ሚሊ ሊትር አካባቢ መውደቅ አለበት። 7.2 አገኙ እንበል። 5 ለ7.2 ሲካፈል፣ አንድ ሚሊ ሊትር አዮዲን 0.69 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይበላል ማለት ነው። ከዚያ በማመሳከሪያው ፈንታ 10 ሚሊ ሊትር የተጠለለ የብርቱካን ጭማቂ ያድርጉና ያንኑ ይድገሙ። 5.8 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ 5.8 በ0.69 ሲባዛ 4 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 40፣ በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ደግሞ 100 ሚሊ ግራም። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለአዋቂ በቀን የሚመክሩት 45 ሚሊ ግራም ነው። በአሜሪካ የሚመከረው ለሴት 75፣ ለወንድ 90 ነው።

ስፕሪስ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲሪንጁን ከላይ ብቻ ከነከሩት የለኩት ከላይ ያለውን ፍሬ ብቻ ነው። በ100 ግራም አቮካዶ 10፣ ማንጎ 36፣ ፓፓያ 60 ሚሊ ግራም ያህል አለው፤ ዘይቱን ደግሞ ከ200 ያልፋል። ስለዚህ ሙሉውን ብርጭቆ አማስለው፣ 10 ግራም በሚዛን ወስደው፣ በ40 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥነው ይለኩ። ወፍራም ጭማቂ ሲሪንጅ ውስጥ አረፋ ስለሚይዝ በሚሊ ሊትር መለካቱ ያሳስታል። የማንጎና የፓፓያ ቀለም ሰማያዊውን ወደ ጨቀየ አረንጓዴ ይለውጠዋል፤ አዮዲን ያልነካው ተመሳሳይ ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጠው እያነጻጸሩ ይሥሩ። ቀይ ሥር የገባበትን ግን በዚህ መንገድ አይሞክሩት፤ ለውጡን ማየት አይቻልም። ስኳር ውጤቱን አይነካም።

አንድ ነገር አደራ እንበልዎ፦ የዛሬውን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፈው ወር አይጠቀሙበት። የብርቱካኑ ዓይነት፣ ብሌንደር ውስጥ የሚጨመረው ውሃ፣ ጭማቂው የቆየበት ሰዓት ሁሉ ይለውጠዋል። የለኩበትን ብርጭቆ ለደንበኛ አይመልሱት፣ የተለካውንም ማንም እንዳይጠጣው። አዮዲን ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ ከማመሳከሪያው የተረፈውን አፍስሱበት፤ ቡናማው ቀለም ዓይንዎ እያየ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሎሚን ቫይታሚን ሲ በአዮዲን ቲትሬሽን (አዮዲን እያንጠባጠቡ በመለካት) ሲለኩ አንዱ ቡድን በ100 ሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 52 ያመጣል። የከሰዓት ቡድኖች ውጤት ደግሞ ሁልጊዜ ከጠዋቶቹ ይበልጣል። ምን እየሆነ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ፍንጩ ያለው «ሁልጊዜ ይበልጣል» ባሉት ላይ ነው። ሎሚው እየተበላሸ ቢሆን ኖሮ ከሰዓት ውጤቱ ይቀንስ ነበር። የደከመው አዮዲኑ ነው። አዮዲን ይተንናል፤ ጠዋት ክፍት ቢከር ውስጥ የተቀመጠው ከሰዓት ሳስቷል፤ የሳሳ አዮዲን ደግሞ ያንኑ ቫይታሚን ለመጨረስ ብዙ ሚሊ ሊትር ይፈጃል። በጠዋቱ ቁጥር ሲባዛ ውጤቱ ይጋነናል። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ከድነው ያስቀምጡት፤ ማመሳከሪያውንም በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ያስለኩ።

ከዚህ የሚሻለው ግን አዮዲኑ እዚያው በተማሪው ብልቃጥ ውስጥ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። በ110 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት የደረቀ ፖታሲየም አዮዴት 0.428 ግራም በአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ያሟሙ። ይህ 0.002 ሞላር ሲሆን ለወራት ልኩን ይጠብቃል። ብልቃጡ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር የተጠለለ ጭማቂ፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ፣ 5 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድና 1 ሚሊ ሊትር ስታርች አድርገው አዮዴቱን ከቢውሬት (ሚሊ ሊትር ከተጻፈበት የማንጠባጠቢያ ቱቦ) ያንጠባጥቡ። አንዱ አዮዴት ሦስት የአዮዲን ሞለኪውል ስለሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከ1.06 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ጋር እኩል ነው። ቡድኖቹ አዮዳይዱንም አሲዱንም እንዳይረሱ ያሳስቧቸው።

በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሎሚ ጨምቆ ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሎሚ ከሎሚ ይለያያል። አሥር ሎሚ በአንድ ላይ አስጨምቀው ከዚያ ያካፍሏቸው። ከዚያ በኋላም ቁጥሩ ከተለያየ የቢውሬቱን ጫፍ ይዩ፤ እዚያ የተቀመጠ አረፋ በመሀል ሲወጣ ንባቡን ያሳድገዋል። የዛገ ቢላዋና የመዳብ ዕቃ ግን ከክፍሉ ይውጡ። ብረትና መዳብ ቫይታሚኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር የሚያደርገውን ውህደት ያፋጥናሉ፤ እየቆረጡ ወሬ የያዙ ተማሪዎች የሚያጡትም በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ለገሃር ካለ ፋርማሲ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቅ የ1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ገዛሁ። ክዳኑ በደንብ ሳይገጠም ክረምቱን ከርሞ አሁን ክኒኖቹ አብጠዋል፤ ቡናማ ነጠብጣብም አላቸው። የተጻፈው መጠን አሁንም አለ?

መልስ፦ በዓይን መፍረድ አይቻልም፤ መለካት ግን ቀላል ነው። ክዳኑ ውስጥ የሚንኳኳው ነገር እርጥበት የሚስብ ነው፤ ክዳኑ ክፍት ሲሆን እሱም አቅሙን ይጨርሳል። ከአየር የገባው እርጥበት አሲዱንና ሶዳውን እዚያው ማሸጊያው ውስጥ አገናኝቷቸዋል፤ እብጠቱ ከዚያ የመጣ ነው።

አንዱን ክኒን በ1 ሊትር ውሃ ያሟሙና ጋዙ ጨርሶ እስኪወጣ 20 ደቂቃ አልፎ አልፎ እያማሰሉ ይቆዩ። ጋዝ ያለበት ፈሳሽ ሲሪንጅ ውስጥ አረፋ ስለሚሆን 5 ሚሊ ሊትር የመሰለዎት 4 ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ እንደገለጽነው 5 ሚሊ ሊትር ይለኩ፤ አቼቶውን ግን 2 ሚሊ ሊትር ያድርጉት፤ ሶዳ የተረፈበት ፈሳሽ ውስጥ አዮዲን በራሱ ጊዜ ሊጠፋና ውጤቱን ሊያጋንን ይችላል። አዲስ ከተከፈተ ማሸጊያ የወጣ ክኒንም በዚያው ቀን ይለኩ። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ደረጃ መዝገብ) ለቫይታሚን ሲ ክኒን የሚፈቅደው ከተጻፈው ከ90 እስከ 110 በመቶ ነው። የእርስዎ ከአዲሱ ከአሥር በመቶ በላይ ካነሰ ልኩን እንዳጣ ይቁጠሩት። እኛን ከጠየቁን ያበጠውን ባይወስዱት እንመርጣለን። ሙሉ ልኩን ቢይዝ እንኳ ሁለት ክኒን 2000 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም ለአዋቂ በቀን የማይታለፈው ጣሪያ ነው፣ በተለይ የኩላሊት ጠጠር ላለበት።

ጥያቄ፦ ከስታዲየም አካባቢ ነኝ። ጓደኛዬ ቃሪያ ከሎሚ የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ልዩነቱም የትየለሌ ነው። የሎሚ ጭማቂ በ100 ግራም 39 ሚሊ ግራም ገደማ ሲኖረው ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ ከ200 ያልፋል። የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂም ለምርምሩ በቂ ቫይታሚን ሲ ያገኘው ከሴጌድ ከተማ በርበሬ ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። እርግጥ 100 ግራም ቃሪያ በአንድ ማዕድ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ጥሬና የተቀቀለ ጎመንን እንዲሁም የታሸገ ጭማቂን ያነጻጽራል። በአዮዲን፣ በዲሲፒአይፒ (ቫይታሚን ሲ ቀለሙን የሚያጠፋው ሰማያዊ ማቅለሚያ) ወይስ በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ) ልለካ?

መልስ፦ ለታሸገው ጭማቂ መጀመሪያ ማሸጊያውን ያንብቡ። ከኢ220 እስከ ኢ228 ያለ ቁጥር ካለ ሰልፋይት ገብቶበታል፤ ሰልፋይት አዮዲንንም ዲሲፒአይፒንም ስለሚበላ እንደ ቫይታሚን ሲ ይቆጠርልዎታል። ለዚያ ኤችፒኤልሲ ይጠቀሙ። ኢ300 ካዩ ደግሞ ቫይታሚኑን ፋብሪካው ጨምሮታል ማለት ነው፤ የፍሬው ነው ብለው እንዳይጽፉ።

ለጎመን ከሁሉ በፊት ማሰብ ያለብዎት ቫይታሚኑን ከቅጠሉ ስለሚያወጡበት ፈሳሽ ነው። ጎመንና ዘመዶቹ ቫይታሚን ሲን የሚያጠፋ ኢንዛይም አላቸው፤ ቅጠሉ ሲፈጭ ሁለቱ ይገናኛሉ። ስለዚህ ብሌንደሩ ውስጥ አሲዱ ቀድሞ፣ ቅጠሉ በኋላ ይግባ። 15 ግራም ሜታፎስፎሪክ አሲድ በ40 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድና 200 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙና ጠቅላላው 500 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ውሃ ይሙሉት። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከሳምንት በላይ አይጠቀሙበት። ለዲሲፒአይፒ 50 ሚሊ ግራም ቀለሙንና 42 ሚሊ ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ፣ አጥልለው በውሃ ጠቅላላውን 200 ሚሊ ሊትር ያድርጉት። ሰማያዊው ቀለም አሲድ ውስጥ ሮዝ ይሆናል፤ መቆሚያው ሮዙ ከ5 ሰከንድ በላይ ሲቆይ ነው። አንድ ደቂቃ እስኪቆይ አይጠብቁ፤ ሌሎች ዘገምተኛ ውህዶችም ቀለሙን መብላት ይጀምራሉ።

ዲሲፒአይፒም አዮዲንም የሚለኩት ያልተቃጠለውን (ከኦክስጅን ጋር ያልተዋሃደውን) ቫይታሚን ሲ፣ ማለትም አስኮርቢክ አሲድን ብቻ ነው። ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ የሚባለው የተቃጠለው ቅርጽም ሰውነት ውስጥ ይሠራል፤ የተቀቀለና የቆየ አትክልት ውስጥ ድርሻው ከፍ ሊል ይችላል። አጠቃላዩን ከፈለጉ ናሙናውን ቲሴፕ በሚባል ኬሚካል ወደ ቀድሞው ቅርጽ መልሰው በኤችፒኤልሲ በ245 ናኖሜትር ያንብቡ።

ስሌቱ ላይ ብዙ ጽሑፍ ይሰናከላል። ጎመን ሲቀቀልና ሲጨመቅ ክብደቱ ይለወጣል። 100 ግራም ጥሬ 70 ግራም ከሆነ፣ 70ው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ከ100ው ጠቅላላ ጋር ያነጻጽሩ እንጂ «በ100 ግራም» እያሉ አያወዳድሩ። የተቀቀለበትን ውሃም አይድፉት፤ ለብቻው ይለኩት። ከጎመኑ የጠፋው ውሃው ውስጥ ከተገኘ ሟሙቶ ወጥቷል፤ ከሁለቱም ከሌለ ተቃጥሏል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ጠለል ከተሠራ ጥናት ጋር ሲያወዳድሩ የቅቀላውን ሙቀትና ደቂቃ ሁለቱንም ይጻፉ።