ገልፍ ሄጄ ሆስተስ ልሁን ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም የኔ እህት። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 23 ዓመትሽ ነው፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ትሠሪያለሽ፣ አንድ የገልፍ አየር መንገድ ሆስተስ ሊመለምል አዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ እናትሽ ደግሞ «አረብ አገር» የሚለውን ሲሰሙ ማልቀስ ጀምረዋል። «ኑሮው እንዴት ነው? ደሞዙ ያዋጣል? ልሂድ ወይስ ልቅር?» ነው ያልሽው።

እኔ ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. እዚያ በርሬአለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ከተማውንም አልነግርሽም፤ ከተማውን ካወቅሽ ድርጅቱን አወቅሽው ማለት ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ደሞዙ አንድ ቁጥር አይደለም። መነሻ ደሞዝ አለ፣ የበረራ ሰዓት ክፍያ አለ፣ ውጭ አገር ስታድሪ ደግሞ የምግብ አበል አለ። የዱባዩን አየር መንገድ ኤሚሬትስን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በቅርብ ዓመታት ባወጣው አንድ የቅጥር ማስታወቂያ መነሻው በወር 4,430 ድርሃም ነበር። ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት 63.75 ድርሃም ይጨመርበት ነበር። በወር ከ80 እስከ 100 ሰዓት የበረረች ልጅ በአማካይ 10,170 ድርሃም ታገኛለች ይል ነበር። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ስለሆነ 2,770 ዶላር ገደማ ነው። የገቢ ግብር የለም። ቤቱና ሰርቪሱ የድርጅቱ ነው።

አሁን ድምሩን ተይውና ከምን ከምን እንደተደመረ እዪ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ስትበሪ ብቻ ነው። ታመሽ ሁለት ሳምንት ከተኛሽ የዚያ ወር ደሞዝ መልኩ ይለወጣል። ሰዓቱም የሚቆጠረው ከቤት ስትወጪ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ይጀምራል፣ ደርሶ ሲቆም ያበቃል። ከበረራ በፊት ያለው ስብሰባ (ብሪፊንጉ)፣ ፍተሻው፣ ተሳፋሪው ሻንጣውን ላይ ለመስቀል ሲታገል የምታግዢበት ሰዓት በነጻ ነው። የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ለኔ ስምንት ሰዓት ያህል ይከፈልበት ነበር። ከቤት ወጥቼ ቤት እስክገባ ግን አሥራ ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ደሞዙን ወደ ብር እንዳትመነዝሪው ደግሞ አደራ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ስሌቱ ያሰክራል። የምትበዪውና የምትለብሺው እዚያ ነው፣ በዚያ ዋጋ ነው። ሌላው ወጪሽ ዘመድ ነው። እኔ በወር 600 ዶላር እልክ ነበር። የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ፣ የአጎቴ የዓይን ሕክምና፣ የማላውቀው የአክስቴ ልጅ ሠርግ። እምቢ ማለት አልቻልኩበትም። ሦስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ በራሴ ስም ያለው ገንዘብ የባጃጅ ዋጋ አይሞላም ነበር። ይሄ የአየር መንገዱ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። አንቺ ባንክ ቤት ስለምትሠሪ ትሻይኛለሽ ብዬ አስባለሁ።

ሥራው ራሱ? ትምህርቱን ወደድኩት። ሰው የሚያየው ሊፕስቲኩንና ሻሹን ነው። እዚያ የምትማሪው ግን እሳት ማጥፋት ነው፣ ልብ የቆመበትን ሰው ደረት መጫን ነው፣ ገንዳ ውስጥ ዘለሽ ሰው ወደ ጀልባ መጎተት ነው። አንድ አውሮፕላን ሲሠራ ግማሹ በር ተዘግቶ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ያንን ሰው በጩኸት የምታስወጪው አንቺ ነሽ። ሻይ ማቅረቡ ትርፍ ሥራ ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም።

ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል፤ ወይም አይመጣም። ሮስተር፣ ማለትም የበረራ ፕሮግራምሽ፣ በወር አንዴ ይወጣል። ሰኞ ሌሊት ካራቺ ደርሶ መልስ፣ ረቡዕ ማንችስተር፣ ቅዳሜ ስታንድባይ። ስታንድባይ ማለት ሻንጣሽን ሸክፈሽ፣ ፀጉርሽን አስይዘሽ፣ ስልክሽን አቅፈሽ መተኛት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይደወልና ማኒላ ትሄጃለሽ። በሁለተኛው ዓመት ጠዋት ስነቃ የት አገር ሆቴል እንዳለሁ ለማስታወስ መጋረጃ መግለጥ ጀመርኩ። የወር አበባዬ ተዛባ። አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች ያላጋጠማት ጥቂት ናት፣ ግን ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም። ኤፍል ማማ ሥር ተነስቼ የለጠፍኩትን ፎቶ ያየ ሁሉ ቀናብኝ። ሃያ ስድስት ሰዓት ሳልተኛ የተነሳሁት ነበር።

ጉንፋን ይዞሽ አትብረሪ። እኔ አንዴ ጉንፋን ይዞኝ በርሬ፣ ስንወርድ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር የፈነዳ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት አልሰማሁበትም። የበረርኩት ለምንድን ነው? ያን ዓመት ብዙ ቀን ታምሜ ስለነበር፣ አንድ ቀን ከጨመርኩ ቢሮ እንደምጠራ አውቄ ነው። የሐኪም ወረቀት ይዘሽም ብዙ ከቀረሽ «ለምን?» ትባያለሽ።

ከፍታው ላይ ግን እኛ እንሻላለን። የካቢን አየር ግፊት በብዙ አውሮፕላኖች ላይ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለሽ ያህል ይሆናል። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሌሎቹ ራሴን አዞረኝ ሲሉ እኔ ቤቴ ነበርኩ። ቀልድ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው።

ቤቱ ጥሩ ነበር። የራሴ መኝታ፣ የጋራ ሳሎንና ኩሽና። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከእስያ ናት፣ በርበሬ ሳቁላላ እሳት የተነሳ መስሏት ሮጣ ወጥታለች። በኋላ ሽሮ ከኔ በላይ ትወድ ነበር። በር ላይ ግን ጥበቃ አለ። መታወቂያ ያሳያል፣ የገባሽበትን ሰዓት ይመዘግባል። እንግዳ ማሳደር የለም፣ ወንድምሽም ቢሆን። ዩኒፎርም ለብሰሽ ቲክቶክ ላይ ብትደንሺ ሥራሽ አለቀ። ክብደት ከጨመርሽ ትጠሪያለሽ። ማንም ስለማንም ሪፖርት መጻፍ ይችላል። ከልብሽ የምታወሪያት ጓደኛ ለማግኘት ጊዜ የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

ትዳርና እርግዝናን ጠይቀሻል። እኔ ያልሠራሁበትን ልንገርሽ፣ በይፋ የተነገረ ስለሆነ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የኳታር አየር መንገድ ያረገዘች ሆስተስ ማሰናበት የሚያስችል የውል አንቀጽ እንዳለው፣ ይህም በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎ እንደሆነ ገለጸ። በዚያው ዓመት አየር መንገዱ ስለ ጋብቻና እርግዝና የነበረውን ደንብ ማላላቱ ተነገረ። የትም ብትገቢ ያንን አንቀጽ ፈልገሽ ሳታነቢ አትፈርሚ። ቅር ቢልሽ ተሰባስበሽ የምትጮሂበት ቦታ የለምና። በተባበሩት የአረብ ኤምሬቶችም በኳታርም የውጭ አገር ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም አይችልም።

አሁን ወደ እናትሽ ለቅሶ ልምጣ።

የአዲስ አበባን በረራ ብዙ ጊዜ እኔ ላይ ይጽፉት ነበር፣ ማስታወቂያውን በአማርኛ እንዳነብ። አውሮፕላኑ ከኮንትራት በሚመለሱ ልጆች ይሞላል። አንድ ሌሊት 30 ቁጥር ወንበር አካባቢ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። የእጅ ሻንጣ የላትም፣ ፌስታል ነው የያዘችው። ምግቡን ሳቀርብላት «ስንት ነው?» አለችኝ። ተከፍሏል አልኳት። በላች። ትሪ መሰብሰብ ስንጀምር ቀና ስል ከወንበሯ ተነስታ የሰዎቹን ትሪ እየለቀመች እየደራረበች ታመጣልኛለች። «ተቀመጪ እንጂ እህቴ» ብላት «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ለምጄዋለሁ» አለች። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያንቺ ማዳም ጥሩ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቅኩ። ጋሊ፣ የአውሮፕላኑ ኩሽና፣ ገብቼ መጋረጃውን ስዘጋ ግን ሳቁ ጠፋ። እኔም ቪዛዬ በአሠሪዬ ስም ነው። ቤቴ የአሠሪዬ ነው። ዛሬ ቢያባርረኝ ሥራ ብቻ አይደለም የማጣው፣ አልጋዬንም መኖሪያ ፈቃዴንም ነው። ያም ሆኖ እኔና እሷ እኩል ነን ልልሽ አይደለም። ነውር ነው። ፓስፖርቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ደሞዜ በቀኑ ይገባል። የእረፍት ቀን አለኝ፣ በር ከፍቼ እወጣለሁ። እናትሽ የሚያለቅሱት ለእሷ ሕይወት ነው፣ የአንቺ ያ አይደለም። በዚህ አጽናኛቸው። ግን «አውሮፕላን ላይ ስለሆነ ምንም አይነካኝም» ብለሽ አትዋሺያቸው።

ያሰብኩት ደርሶብኛልና። ኮቪድ መጣ፣ አውሮፕላኖቹ ቆሙ፣ የገልፍ አየር መንገዶች ሠራተኛ በሺዎች ማሰናበት ጀመሩ። የኔ ኢሜይል የመጣው ሰኔ 2012 ነው። አራት መስመር ነው። ከዚያ ቤቱን አስረክቢ፣ መታወቂያውን መልሺ፣ ባንክሽን ዝጊ። ባንኩ ዕዳ ያለባትን ልጅ ቶሎ አይለቅም። አንዷ ጓደኛዬ በመኪና ብድር ምክንያት ትኬቷ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። እኔ ዕዳ ስላልነበረብኝ ብቻ ወጣሁ። በወጣሁ በሳምንቱ የአገልግሎት ካሳዬ ገባ። እሱንም ልንገርሽ፣ ብዙ ልጅ ተሳስታ ታሰላዋለች። በኤምሬቶች ሕግ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደሞዝ ያገኛል። የሚሰላው በመነሻ ደሞዙ ብቻ ነው። የበረርሽበት ሰዓት እዚህ ውስጥ የለም።

ልሂድ ወይ ላልሽው፣ እኔ በአንቺ ዕድሜ ብሆን እሄዳለሁ። ቀን ቆርጬ ነው የምሄደው ግን። ሦስት ዓመት፣ አበቃ። ከመጀመሪያው ደሞዝ ጀምሮ የራሴን ድርሻ አስቀርቼ የተረፈውን እልካለሁ እንጂ ልኬ የተረፈውን አላስቀምጥም። ክሬዲት ካርድ ይዘው ደጅሽ ይመጣሉ፣ አትቀበዪ። የባንክ ሥራሽን ደግሞ ሥልጠናውን ጨርሰሽ የሆስተስ ባጁ፣ ክንፉ፣ ደረትሽ ላይ ሳይሰካ አትልቀቂው፤ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ። ሥልጠናው ላይ የሚወድቅ አለ።

«አስገባሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ደላላ ካለ ሌባ ነው። እነዚህ አየር መንገዶች ለማመልከቻም ለኢንተርቪውም አያስከፍሉም።

ለኢንተርቪው ብዙ አትጨነቂ። በቡድን አስቀምጠው አንድ ነገር ያወያዩሻል። የሚያዩት ማን ብዙ እንዳወራ አይደለም፤ ዝም ያለችውን ልጅ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለችውን ነው። ከዚያ በፊት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት መንካት አለብሽ። ብዙ ቦታ 212 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በእግር ጣት ቆሞ። ላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ ዕቃ ማውረድ መቻልሽን ለማየት ነው። ዛሬውኑ ቤትሽ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገሽ ሞክሪው። ጫማ ያስወልቁሻል። ካልሲሽ እንዳይቀደድ እዪ። የኔ አውራ ጣት ወጥታ ነበር፣ የለካችኝ ሴትዮ አይታ ምንም አላለችም፣ ብቻ ፈገግ አለች።