«አልያያዝ አለኝ» ላልሽው እኅቴ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ለሁለት ልጆችሽ በአማርኛ መስቀለኛ ቃላት ልትሠሪ ሞክረሽ አምስተኛው ቃል ላይ አልያያዝ እንዳለሽ፣ የእንግሊዝኛውን ሣጥን ከመጽሔት ገልብጠሽ ባዶውን ለመሙላት ሦስት ምሽት እንደታገልሽ፣ በመጨረሻም ባለቤትሽ «አማርኛ ለዚህ አይመችም» ብሎ ነገሩን እንደዘጋው ጽፈሻል። ባለቤትሽ ተሳስቷል። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዘንባባ ከተተከለበት መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ልብሳቸው እስኪደርስ ቁጭ ብለው ለሚጠብቁ ደንበኞች በየሳምንቱ አንድ የቃላት እንቆቅልሽ ግድግዳዬ ላይ መለጠፍ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የምነግርሽ ሁሉ ተበላሽቶብኝ ያወቅኩት ነው።

መጀመሪያ ያንን ሣጥን ጣይው። ይህ ጨዋታ በጋዜጣ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 ነው፤ አርተር ዊን የተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ ለኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ አዘጋጀው። ሰውየው የሠራው በ26 ፊደል ነው። አሁን የእኛን ገበታ ቁጠሪ፤ 33ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ኳ እና ሏ ገና ሳይጨመሩ። የእንግሊዝኛው ፊደል በየትም ቃል ውስጥ ያው ራሱ ስለሆነ በቀላሉ ይገናኛል። የእኛዎቹ ግን የ«በር» በ እና የ«ባሕር» ባ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ ሣጥን ውስጥ አያድሩም። በዚያ ላይ ቃሎቻችን አጫጭር ናቸው፤ ታንኳ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስድስት ቦታ ይፈጃል፣ በእኛ ሦስት ይበቃዋል። ፊደሉ ብዙ፣ ቃሉ አጭር፤ መገናኛው ከየት ይምጣ? ጥቅጥቅ ያለውን የእንግሊዝኛ ሣጥን በአማርኛ ለመሙላት መታገል ለሌላ ሰው የተቆረጠ ኮት እንደ መልበስ ነው። ብብቱ ላይ ይይዝሻል።

አንድ ክረምት እኔም በአቋራጭ ልሂድ ብዬ «ዘመዳሞቹ ይገናኙ» የሚል ሕግ አወጣሁ። ለ ከላ ጋር፣ በ ከቡ ጋር እንዲቋረጡ ፈቀድኩ። ሣጥኑ በአንድ ምሽት ሞላ፤ ደንበኞቼ ግን ጠሉት። የዚህ ጨዋታ ጥሙ የምታውቂው ቃል የማታውቂውን ሲያቀብልሽ ነው። «ለ ወይም ሉ ወይም ሊ ወይም ላ» ብሎ የሚያቀብል ቃል ምንም አላቀበለሽም። በሦስተኛው ሳምንት ቀድጄ ጣልኩት።

ዘዴው ሳድስን መያዝ ነው። ን፣ ር፣ ል፣ ት፣ ም፣ ስ፤ የስሞቻችን ወገብና ጅራት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ካሬ ደብተር አምጪና አብረን እንሥራ። ደንገልን አግድም ጻፊ። በሁለተኛው ፊደል፣ በን ላይ፣ ታንኳን ቁልቁል አሳልፊ። በአራተኛው፣ በል ላይ፣ ጀልባን ቁልቁል አሳልፊ። ጀልባ በባ ያበቃል፤ ከዚያው ባ ተነሥተሽ ባሕርን አግድም ጻፊ። ከባሕር ር ደግሞ ርግብን ቁልቁል አውርጂ። አምስት ቃል ሆነልሽ፤ ከአራቱ መገናኛዎች ሦስቱ ሳድስ ናቸው። የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ልጆችሽ ካላወቁም በዚያው ያውቃሉ።

ግሥ ስትጨምሪ ተጠንቀቂ። ሰበረ፣ ነበረ፣ ከበደ እርስ በርሳቸው ይዋደዳሉ፤ ፊደሎቻቸው በሙሉ ግዕዝ ናቸውና። ከስም ጋር ሲገናኙ ግን ይኳረፋሉ። ወደ ትእዛዝ ከለወጥሻቸው ይለዝባሉ፤ «ስበር» ውስጥ ሁለት ሳድስ አለ። ማዕዘን ላይ ሲጠብብሽ ቃሉን በ«ዎች» አብዝቶ ማምለጥም ይቻላል። እኔ እንደ ነውር ነው የማየው። ያጠረ እጅጌ ላይ ቁራጭ ጨርቅ እንደ መቀጠል ነው፤ ባለቤቱ ባያየውም አንቺ ታይዋለሽ። ስፋቱን በተመለከተ 9 በ9 ይበቃሻል። እኔ አንድ ጊዜ 13 በ13 ጀምሬ ክረምቱን ሙሉ ፈጅቶብኝ እስከ ዛሬ አላለቀም።

እንግዲህ የሰ እና የሠ ጉዳይ። ይህን ሳይወስን እንቆቅልሽ የሚለጥፍ ሰው የሚለጥፈው ጠብ ነው። አንድ ሳምንት «በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ እጁን ትቶ የሄደ» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ሠዓሊ ነው። እኔ ግን ከ«ሰማይ» ጋር እንዲቋረጥልኝ ስል በእሳቱ ሰ ጻፍኩት፤ ዓውንም በአ ለወጥኩት። መልሱን በሰቀልኩ ማግስት ቀሚስ ሊያሰፉ የመጡ አንድ መሪጌታ መነጽራቸውን አውጥተው ግድግዳውን ረጋ ብለው አነበቡና፣ «ልጄ፣ እዚህ ያስቀመጥሽው ሠዓሊ አይደለም፣ ለማኝ ነው» አሉኝ። በግዕዝ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ አናት ላይ ከሁለቱ አንዱን እጽፋለሁ፤ «ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ወይም «ፊደሉ ይጠበቃል»። ለልጆችሽ የመጀመሪያውን ያዢ። ኳ አንድ ሣጥን እንጂ ክ እና ዋ ሁለት ሣጥን አለመሆኑንም ከወዲሁ ንገሪያቸው፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ተማሪዎች እኔ ሱቅ ውስጥ ሊደባደቡ ነበር።

መሪጌታ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ አልቸኮሉም። በቅኔ ቤት ሳሉ ቀኑን ጫካ ገብተው ቅኔ ሲቆጥሩ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ሲደርሱ፣ ውለው ማታ ለመምህራቸው እንዴት ይነግሩ እንደነበር አጫወቱኝ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ የቀረበ ተማሪ መሳቂያ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳዬ ዞረው «ሣጥንሽ ደኅና ነው፤ ጥያቄሽ ግን ሰም የለውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ «የውሃ አካል፣ ሦስት ፊደል» ዓይነት ነገር ነበር የምጽፈው። ይህ የመመዝገቢያ ቅጽ እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም። «ወርቁን ይዘሽ ሰሙን ፈልጊ» ብለውኝ ሄዱ፤ ወርቁ የተሸሸገው መልስ ነው፣ ሰሙ የሚሸፍነው ንግግር። ከዚያ ቀን በኋላ ድካሜን ከሣጥኑ ወደ ጥያቄው አዛወርኩት። አንቺም ሦስቱን ምሽት ያጠፋሽው በተሳሳተው ቦታ ላይ ይመስለኛል።

ሰም ለመፈለግ አማርኛን የመሰለ የለም። መጻፊያችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ማንበብ ለሚማር ሰው ጣጣ ነው፣ ለእኛ ግን ሲሳይ። «ሲላላ መርፌ ይይዛል፣ ሲጠብቅ ሜዳ ይሆናል»፤ ሰፊ። ይህች የራሴ ናት፤ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ ደንበኞቼ እስካሁን ይቀልዱብኛል። «ሲላላ ጣና ውስጥ፣ ሲጠብቅ ከሁሉ በላይ»፤ ዋና። «ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ ታኅሣሥ 29 ይደርሳል»፤ ገና። የመጨረሻዋን ኅዳር ላይ ለጥፌ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በቆመችበት ፈታችው።

መገልበጥም አለ። ፊደላችን ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚይዝ ከኋላ ወደ ፊት ስታነቢው ንጹሕ ቃል ይወጣል። ልጅ ሲገለበጥ ጅል ነው፤ ላባ ሲገለበጥ ባላ፤ ልብ ሲገለበጥ ብል፤ ቀላ ሲገለበጥ ላቀ። «ቢገለብጡት የሚለበልብ እርሻ» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ማሳ ነው፣ ሲገለበጥ ሳማ ይሆናልና። ገበሬም አፈሩን ይገለብጣል፤ ሰሙ እዚያ ላይ ነው። የአዴት ሰው የሆኑ አንድ አባት ይህችን ፈትተው ዋጋ ሳይከራከሩ ሂሳብ ከፍለውኝ ሄዱ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛ ሽልማት ነው።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ወርቁ ዓባይ እንዲሆን ፈለግኩ። ወንዙንማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ምን ብዬ ልሸፍነው? አንድ እሑድ ማታ ከታናሽ እኅቴ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የቆሮሶ ጥብስ እየበላን፣ ትልልቆቹ የሚሉትን አነሣሁላት። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከዚያ ከሐይቁ ውሃ ሳይቀላቀል መሃሉን ሰንጥቆ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል ይላሉ። እኅቴ የዓሣውን እሾህ እየለቀመች «ገብቶ ወጥቶ አልነካኝም ይላል እንዴ? ምን ያለው አባይ ነው!» አለች። እጄን ሳልታጠብ ብድግ አልኩ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ «ጣና ገብቼ ወጣሁ፣ ከማንም አልተቀላቀልኩም የሚል (3)» የሚል ተለጠፈ። ውሸታሙም አባይ፣ ወንዙም ዓባይ። መሪጌታ ቢያዩት አ እና ዓ እንዴት አንድ ሆኑ ይሉኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የሞክሼውን ማስጠንቀቂያ በትልቁ የጻፍኩት።

ጥያቄሽን ግን ለራስሽ አትመኚው። ሌላ ሰው ሳይሞክረው አትስጪ። ያለ ሞካሪ የለጠፍኩት አንድ ጥያቄ «የጣና አረንጓዴ ምንጣፍ (4)» የሚል ነበር። እኔ ደንገልን አስቤ ነው። ሰው ሁሉ እምቦጭ ብሎ ጻፈ። እሱም አራት ፊደል ነው፣ እሱም አረንጓዴ ነው፣ ከደንገል የበለጠም ምንጣፍ ይመስላል። ሦስት መቋረጫ ተበላሽቶ ሣጥኑ በሙሉ ፈረሰ። ጥፋቱ የፈቺዎቹ አልነበረም። አሁን የስፌት መኪናውን የምትጋራኝ ልጅ መጀመሪያ ትሞክረዋለች፤ በሁለት መልስ ካመነታች ጥያቄውን እለውጣለሁ። «በመስከረም የሚታይ ቢጫ» ዓይነቱንም ተዪው፤ አንዱ አደይ ሲል ሌላው መስቀል ይልሻል።

መፍታትን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ጥያቄው ሰውን በሴት አንቀጽ ከጠራ መልሱም ሴት ናት፤ ድርጊትን ከጠየቀ መጨረሻው ግዕዝ እንዲሆን ጠብቂ፤ ስም ከሆነ ጅራቱን በሳድስ ሞክሪ። እርሳስ እንጂ እስክሪፕቶ አትያዢ። ቃላት ለማጠራቀምም እኔ ሁለተኛ ደብተር አለኝ፤ ቃላቱን በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ሳይሆን በመጨረሻውም ከፋፍዬ ጽፌአለሁ፤ በ«ር» የሚጨርሱ አንድ ገጽ፣ በ«ት» የሚጨርሱ አንድ ገጽ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛዬ ይህንኑ በኮምፒውተር ሠርቶልኝ ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ማንም የማያውቀውን ቃል እያመጣ ያስቸግረኛል። ወደ ደብተሬ ተመልሻለሁ።

ልጆችሽ ገና ትንንሽ ከሆኑ ሣጥን የሌለውን አስቀድሚ። መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ይሆናል። አንድ ቃል ወስደሽ የመጀመሪያውን ፊደል በሰባቱም እያዞርሽ ስንት ቃል እንደሚወጣ መቁጠር ነው። ከከተማችን ስም ዳርን ውሰጂ፤ ዳር፣ ዱር፣ ድር። ጥር የበለጠ ለጋስ ነው፤ ጥር፣ ጡር፣ ጣር፣ ጦር። የእኅቴ ልጅ «ጤር» የሚባል አገር አለ ብሎ ለአምስተኛ ነጥብ አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራክሮኛል። ማሸነፍና መሸነፉ በ«እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ» ሥርዓት ይሁን፤ ያላወቀ አገር ይስጥ። የእኛዎቹ ጎንደርንና ደሴን ሰጥተው ሲጨርሱ ካርታ አውጥተው ቁንዝላንና ደልጊን መስጠት ጀምረዋል።

ባለቤትሽን ደግሞ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ይህችን ጠይቂው፤ «ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ አልሄደም»፤ ሁለት ፊደል ናት። ካቃተው አገር ይስጥሽ።