የአጎዛው ፀጉር ለምን ይነቀላል?

ከሐይቅ የጻፉልን አንባቢ ለአረፋ ካረዷቸው ሁለት በጎች ቆዳ አጎዛ ሊያሠሩ አስበዋል። አንደኛው ደህና ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ አድሮ በማግስቱ ጨው የተነሰነሰበት ግን ከሆዱና ከብብቱ ፀጉሩ በእጅ ይወጣል፤ ይሸታልም። «ጨው አንሶት ይሆን? ልጨምርበት?» ይላሉ።

ችግሩ ጨው ማነሱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ቆዳ ትኩሱን ተጠቅልሎ ከረጢት ሲገባ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ባክቴሪያ በደሙና በፈርሱ ላይ ይራባና የፀጉሩን ሥር የያዘውን ክፍል ቀድሞ ይበላል፤ ቀጭን በሆኑት በሆድና በብብት ይጀምራል። አንዴ የለቀቀ ፀጉር በጨው አይመለስም። ጀርባው ላይ ሲጎትቱት ከጸና፣ የተበላሸውን ቆርጠው ትንሽ መቀመጫ ያሠሩበት። የሥጋው በኩል አረንጓዴ ካለ ግን ይጣል።

ለሚቀጥለው አብሽሩ፣ ሥራው ከአገፋፈፉ ይጀምራል። ቢላዋ መስመሩን ለመክፈት ብቻ ይበቃል፤ ቀሪውን በጡጫ እየገፉ ያላቁት። ዛሬ የማይታይ ጭረት ቆዳው ሲወጠር ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያቀዝቅዙት፣ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ያንጠፍጥፉት። ለስላሳ ግንድ ላይ አድርገው ሥጋውንና ስቡን በዱልዱም ቢላዋ ይፋቁ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፦ ስብ ጨው አያሳልፍም፣ ስቡ የቀረበት ቦታ ከሥሩ ይበሰብሳል።

አሁን ቆዳውን ይመዝኑ። ጨው የክብደቱ ግማሽ ይሁን፤ ለ2 ኪሎ ቆዳ 1 ኪሎ። የላመ ጨው ይጋገራል፣ ድፍን አሞሌም ክፍተት ይተዋል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ፍርካሽ ይሻላል። ጠርዙን፣ አንገቱንና የእግሩን እጥፋት እያሹ ያዳርሱ። ከተገፈፈ በ4 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ ባቲና ከሚሴ ላይ ደግሞ ከዚያም ይፍጠኑ፣ ሙቀቱ እንደ ደላንታ ብርድ ጊዜ አይሰጥም። ውሃው እንዲወርድ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ያሳድሩት። በማግስቱ የረጠበውን ጨው አራግፈው የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል አዲስ ይጨምሩ። የተራገፈውን ለሌላ ቆዳ አይጠቀሙበት፤ ጨው የለመዱ ባክቴሪያዎች ይዞ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። የዛገ ቆርቆሮም አያስነኩት፣ ዝገቱ ቆዳ ከሚለፋበት የግራር ቅርፊት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል።

ፀሐይ ላይ ማስጣት በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ለአጎዛ ግን አልመክርም። ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይሸታል፣ የቀረው ስብም ቀልጦ ይገባበታል።

ደህናውን ቆዳ ሊያለፉት ሲነሡ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 300 ግራም ያህል ጨውና ጥቂት የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጠው ይዘፍዝፉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃውን ይለውጡ፤ ከአንድ ሌሊት በላይ አያቆዩት። ኖራና አመድ ፀጉር ማስለቀቂያ ናቸው፣ አያስገቡ። አንገቱን ቆንጥጠው ይዩት፤ ያ ወፍራም ቦታ እንደ ትኩስ ቆዳ ከለሰለሰ ለማልፋት ደርሷል።