የጓደኛሽ «ምንም» እና የእኛ «አልቦ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኮምቦልቻ የምማር ተማሪ ነኝ። አንድ የክፍሌ ልጅ «ዩኒቨርስ ከምንም፣ በራሱ እንደተገኘ ሳይንስ ደርሶበታል፤ ፈጣሪ አያስፈልግም» ይለኛል። መልስ አጣሁለት። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ሐሳቡ ይመጣብኛል። እውነት ከምንም ሊገኝ ይችላል? እንዲህ ማሰቤስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከኋለኛው ልጀምር። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ሲል ጌታ አላባረረውም፤ ቁስሉን አሳየው። ሐሳቡ በጸሎት መሐል ቢመጣብሽ ጸሎቱን አታቋርጪ። እዚያው ለእሱ ንገሪው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። «ከምንም» ማለቱ አንቺን አስደንግጦሻል፤ እኔን ግን ፈገግ አሰኘኝ። ቃሉ እኮ የእኛ ነው! አባቶች ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» ይላሉ። ካለመኖር ወደ መኖር ማለት ነው። እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት እሑድ እንዲህ ተፈጠሩ። ቀድሞ ከነበረ ነገር ሌላ ነገር ሲወጣ ደግሞ «ግብር እምግብር» ይባላል፤ ማክሰኞ ዕፅዋት ከምድር፣ ሐሙስ ዓሣና ወፍ ከውኃ እንደወጡት። ይህን ልዩነት ያዢልኝ።

ክረምት ላይ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ጠዋት ጦሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻይሽን ሳትጨርሺ ተራራው የለም፤ ጉም ውጦታል። ከየት መጣ? ሕፃን ልጅ «ከምንም» ይልሻል። አየሩ ውስጥ ግን የማይታይ እንፋሎት ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ታየ።

የጓደኛሽ «ምንም» እንደዚያ ነው። እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን በሚያጠናው በኳንተም ፊዚክስ ቫክዩም የሚባለው ባዶ፣ ባዶ ይባል እንጂ ጉልበት አለው፣ የሚታዘዝለት ሕግም አለው። አንዳንድ የፊዚክስ ሊቃውንት ዩኒቨርስ ከእንዲህ ያለ ባዶ ሊነሣ ይችላል ይላሉ። ቦታና ጊዜም ካልነበሩበት የሚጀምሩ አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የኳንተምን ሕግ ይዘው ነው የሚነሡት። መላምት ነው፤ «ተደርሶበታል» የሚባል አይደለም። ነገ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በእኛ ቋንቋ ግብር እምግብር ነው። አልቦ ስንል ቦታም፣ ጊዜም፣ ጉልበትም፣ ሕግም የለም ማለታችን ነው። ከዚያ «በራሱ» ተገኘ እንዳንል፣ ራሱ የሚባለው ገና የለም።

በተቃራኒው ደግሞ «ቢግ ባንግ መጽሐፍ ቅዱስን አረጋገጠ» ብሎ ማጨብጨብ አለ። እሱንም አልወደውም። ዓለም ከአንድ እጅግ የታመቀ ጅማሬ ተነሣ የሚለውን ይህን ሐሳብ በ1931 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የቤልጂየም ካቶሊክ ቄስ ነበር። በ1951 የሮማው ፓፓ ፒየስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ፣ ቅር ያለው ለሜትር ራሱ ነው። ልክ ነበር። ሳይንስ ይሻሻላል፤ እምነትሽን እሱ ላይ ከሰቀልሽው አብሮ ይዋዥቃል። (ዛሬ ሳይንቲስቶች የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ከባሕረ ሐሳብ ቁጥር ጋር እንዴት ይታያል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ቀን።) ዕብራውያን 11፥3 ዓለሞች በእግዚአብሔር ቃል እንደ ተዘጋጁ «በእምነት እናስተውላለን» ነው የሚለው። በቴሌስኮፕ አላለም።

በቀደም ቡና ላይ ይኸው ነገር ተነሥቶ ሙስሊሙ ጎረቤቴ «ኩን (ሁን) ይላል፣ ይሆናል» አሉ። እኔም «ይሁን አለ፣ ሆነም» አልኩ። ወሎ ውስጥ በዚህ የሚጣላ የለም፤ ሁለተኛው ስኒ ተቀዳ።

ጓደኛሽ «ታዲያ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» ማለቱ አይቀርም። አስጀማሪ የሚያስፈልገው ጅማሬ ላለው ነው። እኛ እግዚአብሔር ጅማሬ የለውም እንላለን እንጂ ከምንም ተገኘ አላልንም።

ልጁን ግን አትጣዪው። ደህና ጥያቄ ነው ያመጣልሽ። አንድ ቀን ሻይ ጋብዢውና «ያ ባዶ የሚታዘዝለት ሕግ ከየት መጣ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱንም ሳታቋርጪ ስሚው። እሑድ ወደ ደሴ ብቅ ስትዪ ምን እንዳለሽ ትነግሪኛለሽ።