የእቁብ ብሩ ይቆይ

ደብዳቤው የመጣልኝ ከደሴ ነው። ጸሐፊዋ አምና በአካውንቲንግ ተመርቃለች። ሥራ እስክታገኝ ድረስ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ፎቶ ቤት በሰርግ ሰሞን ታግዛለች። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ፎቶ ማንሳት ነፍሴ ነው። ፎቶ ተቀብለው በኢንተርኔት የሚሸጡ የስቶክ ድርጅቶች እንዳሉ ሰምቼ ተመዘገብሁ። ካሜራ የለኝም፣ በስልኬ ነው የማነሳው። ከስልኬ ወደ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር በቴሌግራም አስተላልፌ፣ 'ትንሽ ነው' ያሉኝን በአፕ አሳድጌ፣ 40 ፎቶ ላክሁ። 37ቱ ተመለሱ። አብዛኞቹ 'የጥራት ችግር' ተብለው ነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ፎቶ እንዴት ጥራት የለውም ይባላል? በሚቀጥለው ወር እቁብ ይደርሰኛል። ካሜራ ልግዛበት? ወይስ እናቴ እንደምትለው ይቅርብኝና ሥራዬን ልፈልግ?»

እህቴ፣ ስምንቱን ፎቶ አያይዘሽ መላክሽ ጥሩ አደረግሽ። አንድ ምሽት ሙሉ እያጎላሁ አየኋቸው። መልሱን ከፊት ላስቀድመው፦ ካሜራ አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። ዓይንሽ ደህና ነው። ስልክሽም አላጠፋም።

የቡናውን ፎቶ ከፈትሁ። ረከቦት፣ ቄጤማ፣ ጀበናው አፍ ላይ ልትወድቅ የደረሰች ጠብታ። ቡና አማረኝ። ከዚያ ድርጅቶቹ ዘንድ ፎቶ እየፈተሸ እንደሚያሳልፈው መርማሪ አጎላሁት። የሲኒው ጠርዝ ሊጥ ሆኗል። ቄጤማው ሣር መሆኑ ቀርቶ አረንጓዴ ጭቃ መስሏል። ምን እንደተፈጠረ ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ቴሌግራም ነው። ፎቶ እንደ ፎቶ ስትልኪ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያወርደዋል። 1280 በ960 ሲባዛ 1.2 ሜጋፒክስል (ሚሊዮን ፒክስል) ገደማ ነው። ስልክሽ ያነሳው ግን 4000 በ3000፣ ማለትም 12 ሜጋፒክስል ነበር። ከአሥር ዘጠኝ እጁን መንገድ ላይ ጣልሽው ማለት ነው።

ከስቶክ ድርጅቶቹ አዶቢ ስቶክም ሻተርስቶክም ከ4 ሜጋፒክስል በታች አይቀበሉም። ስለዚህ «ትንሽ ነው» አሉሽ፤ አንቺም በአፕ አሳደግሽው። ወጥ ላይ ውሃ ሲጨመር ይበዛል እንጂ አይጣፍጥም። አፑ የሌለ ፒክስል ገምቶ ሞላ፤ መርማሪው ግምቱን አየ፤ መለሰው። ከስምንቱ አምስቱ ላይ ይኼው ችግር አለ። መድኃኒቱ ደግሞ ነፃ ነው። በኬብል አስተላልፊ። ኬብል ከሌለ በቴሌግራሙ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኪ፤ ያኔ ሳይነካው ያደርሰዋል። ኦርጅናሎቹ ስልክሽ ላይ ካሉ እንዳታጠፊያቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይግባሽ። ሰው ፎቶሽን የሚያደንቀው በመዳፉ በያዘው ስልክ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ፎቶ ያምራል። መርማሪው ግን መቶ በመቶ አጉልቶ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ነው የሚያየው። ገዢው ፎቶውን ለቢልቦርድ ይሁን ለመጽሔት ሽፋን ምን እንደሚያደርገው አይታወቅማ። አንቺም ከመላክሽ በፊት እንደዚያው እዪው። ኮምፒውተር ላይ ክፈቺ፣ መቶ በመቶ አድርጊ፣ ከላይ ግራ ጥግ ጀምረሽ እንደ ሒሳብ መዝገብ መስመር በመስመር ውረጂ። አካውንታንት አይደለሽ? ኦዲት በይው።

የእናትሽ ፎቶ (እናትሽ መሰሉኝ) የተበላሸው በሌላ ነገር ነው። ፊታቸው ጥርት ብሏል፣ ብርሃኑ ከመስኮት ለስለስ ብሎ መጥቷል፤ እኔ ብሆን እሰቅለዋለሁ። ግን የነጠላውን ጫፍ አጉይው። ዘርፉ ግማሹ አለ፣ ግማሹ ጠፍቷል። ከሹሩባው ያፈነገጡት ፀጉሮችም በመቀስ የተከረከሙ ይመስላሉ። ይኼ የስልኩ «ፖርትሬት» ሥራ ነው። ሌንሱ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው ጀርባውን ያደበዘዘው። የቱ ዘርፍ፣ የቱ ግድግዳ እንደሆነ መለየት ሲያቅተው አብሮ ያደበዝዛል። ለስቶክ ስታነሺ ፖርትሬቱን አጥፊው። ፊት የሚያለሰልሰውንም «ቢውቲ» ጭምር። ጀርባው እንዲደበዝዝ ከፈለግሽ ሰውየውን ከግድግዳው አርቂ፣ አንቺ ወደ ሰውየው ተጠጊ።

የጦሳ ተራራ ጉም። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ፎቶ ሳያነሳ አይቀርም፤ ሁላችንም ግራጫ አድርገን አንስተነዋል። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ጉሙ የከሰል ጭስ ይመስላል። ስክሪኑን ስትነኪ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፊያት። ፎከስም በጉም ውስጥ መያዣ ያጣል። ባዶ ጉም ላይ ሳይሆን ጠርዝ ያለው ነገር ላይ ንኪ፦ ቆርቆሮ ጣራ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ የስልክ እንጨት።

የሐይቁን ግን ምን ብዬ ልተወው? ሎጎ ሐይቅ ላይ ቀለም ፋብሪካ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ፊልተሩን ተዪው።

ስለ ሐይቅ ካነሳን የራሴን ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት በተዋስሁት ካሜራ እዚያው ሐይቅ ዳር ውዬ 11 ፎቶ መርጬ ላክሁ። 11ዱም ተመለሱ። ተናድጄ ሳጎላቸው ሰማዩ ላይ፣ ሁሉም ላይ በአንድ ቦታ፣ የተምር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ሴንሰሩ ላይ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ላይ) የተቀመጠች አቧራ ናት። እኔ ወፍ መስላኝ ነበር! አንቺ ስልክ ስለሆነ የያዝሽው ሴንሰሩ አያሳስብሽም። ግን ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። ቅቤ የነካ ጣት ያረፈበት ሌንስ ፎቶውን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል። ሁለቱ የባቲ ፎቶዎችሽ ላይ ይኼ ይታየኛል።

የማታው ጭፈራ በመብራት የተነሳ ነው። ጥቁሩ ቦታ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ኖይዝ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ስልኩ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ አድርጎ የሚያመጣው። ያንን ፎቶ ለቤተሰብ አስቀሪው። ለስቶክ የቀን ብርሃን ይበቃሻል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ያነሳሻት ግመል የያዘችው ሴት። ፎቶው በጥራት ቢያልፍ እንኳ በፊቷ ይወድቃል። ለማስታወቂያ በሚሸጥ ፎቶ ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው ሁሉ የፈረመበት የፈቃድ ቅጽ ያስፈልጋል፤ ልጅ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። «አንሺኝ» ማለትና «ፊቴን ሽጪው» ማለት ደግሞ አንድ አይደለም። የወሎ ሰው እንግዳ አክባሪ ነው። ቡና ጠጪ ብሎ ያስቀምጥሻል፣ አንሺኝም ይልሻል። ያ ፊት ነገ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ዕቃ ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ እንደሚችል ግን አልነገርሽውም። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ በአማርኛ አስረጂ። ምን ያህል ልታገኚ እንደምትችይም ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ ቡናሽን ጠጥተሽ ተነሺ።

ያለ ፈቃድ የሚሄድበት መንገድ አለ፤ «ኤዲቶሪያል» ይባላል። ለዜናና ለትምህርት እንጂ ለማስታወቂያ አይሸጥም። ሻተርስቶክ የባቲውን ዓይነት በዚህ በኩል ሊቀበል ይችላል፤ መግለጫው ቦታውን፣ አገሩን፣ ቀኑንና የሆነውን ነገር በትክክል መያዝ አለበት። አዶቢ ስቶክ ግን በኤዲቶሪያልም ቢሆን ፊቱ የሚለይ ሰው አይፈልግም። አንዱን ፎቶ ለሁለቱም በአንድ ዓይን መላክ ከንቱ ድካም ነው።

የንግድ ምልክትም (የድርጅት ሎጎ) እንደዚያው ያስመልሳል። የባጃጇ ፎቶሽ ላይ ስሟ ፊቷ ላይ ተጽፏል፣ ታርጋዋም ይነበባል። የምሳው ፎቶ ላይ ከመሶቡ ጀርባ የለስላሳ ጠርሙስ ቆሟል። ጠርሙሱን አንስተሽ ታች ብታስቀምጪው ኖሮ አልቆ ነበር።

ሌላው፣ ከ40ው 14ቱ አንድ ጀበና ነው። ትንሽ ከግራ፣ ትንሽ ከቀኝ፣ ጭሱ ሲወጣ፣ ጭሱ ሲቀር። ይኼ «ተመሳሳይ» ተብሎ ይመለሳል። አንዱን ምረጪ። ምርጫው ያማል፣ አውቃለሁ።

ቁልፍ ቃሎቹን በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፊው፤ ገዢው የሚፈልገው በዚያ ነው። ጀበናን ጀበና ብለሽ ብቻ አትተዪው። ጀበና ምን እንደሆነ የማያውቅ ገዢ «ከሸክላ የተሠራ የቡና ማፍያ»፣ «ባህላዊ ቡና»፣ «ኢትዮጵያ» ብሎ ነው የሚፈልገው። ወሎ በእንግሊዝኛ ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስላለው ሁሉንም አስገቢ። አዶቢ ላይ እስከ 49 ቃል ይፈቀዳል፣ ቅደም ተከተላቸውም ለውጥ ያመጣል። ዋናዎቹን ከፊት አድርጊ። ፎቶው ላይ የሌለ ነገር አትጻፊ።

ወደ እናትሽ ጥያቄ ልመለስ። እውነት አላቸው፣ ግን ግማሽ። አዶቢ ከፎቶ ሽያጭ የሚሰጥሽ 33 በመቶ ነው፤ በደንበኝነት ጥቅል ሲሸጥ አንድ ፎቶ 33 ሴንት ብቻ ሊያመጣ ይችላል። ሻተርስቶክ ላይ እስከ 10 ሴንት ይወርዳል፤ የክፍያ ደረጃሽም በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አዶቢ ክፍያ የሚለቀው 25 ዶላር ሲሞላ ነው። በ33 ሴንት ስሌት 76 ሽያጭ። ሒሳቡን ካንቺ የተሻለ የሚሠራው የለም፤ ደመወዝ አይሆንም። ከመድከምሽ በፊት ደግሞ ገንዘቡ ደሴ ድረስ በምን በኩል እንደሚደርስሽ አረጋግጪ። የሚከፍሉበትን መንገድ ዝርዝር አውጪና ባንክሽን ጠይቂ። የአሜሪካ የግብር ቅጽም ያስሞሉሻል፤ አገራችን ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ከአሜሪካ ገዢ በሚመጣው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል።

ስለዚህ የአካውንቲንግ ማመልከቻሽን መበተንሽን ቀጥዪ። ስቶኩን ቅዳሜና እሁድ ያዢው። ግን አንድ ነገር አስቢበት። ኮምቦልቻም ደሴም ዕቃቸውን በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎች ሞልተዋል፤ የሚለጥፉት ፎቶ ግን ጫማው ከነ እግራቸው፣ ድስቱ ከነ ጥላው ነው። መርማሪ የሚያሳልፈው ፎቶ ማንሳት ከቻልሽ እነሱ ዛሬውኑ በብር ይከፍሉሻል። ሁለት ሦስት ሱቅ ገብተሽ አንድ አንድ ዕቃ በነፃ አንሺላቸው። ካሜራ መግዛት ካለብሽ እነሱ ይግዙልሽ፤ እቁቡ ይቆይ።

ለጊዜው ይህን ሥሪ። አሥር ፎቶ ብቻ። የእናትሽ እጅ ምስር ሲለቅም፣ ጉሙ ከቆርቆሮው ላይ ሲነሳ፣ ጀበናው አንዴ ብቻ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፖርትሬት፣ ያለ ፊልተር። መቶ በመቶ አጉልተሽ ኦዲት አድርጊና ለድርጅቱ ከመላክሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ። በቴሌግራም ከሆነ ግን፣ እባክሽ፣ በፋይል።