ያገለገለ ሲዲ ማጫወቻ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

እዚህ አዳማ የድሮ ዕቃ ስፈታና ስገጥም መኖሬን የምታውቁ ሰዎች ሰሞኑን ጥያቄ አብዝታችኋል። ይኸው መልሱ።

ጥያቄ፦ የ30 ዓመት ዕቃ ይታመናል ወይ?

መልስ፦ ከዕድሜው ይልቅ አያያዙ ይወስነዋል። ከአዲሶቹ ርካሾች የሚበልጥ ሽማግሌ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ አሪፍ ይዘፍናል፣ ቤት ስወስደው ይዘላል። በምን ልፈትነው?

መልስ፦ የራስህን ኦሪጂናል ሲዲ ይዘህ ሂድ። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ዘፈን ክፈት፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው መልሰው። ከተንገታገተ ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ መሄጃ ላይ ያለው ግሪስ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ይጸዳል። የዲስኩ መሳቢያ አልከፈት ካለ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ነው የላላው። እሱም ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት አጫውተው፤ ሲሞቅ መዝለል የሚጀምር አለ።

ዲስኩን ጭራሽ ካላየው ግን ወይ ሌንሱ ቆሽሿል ወይ ሌዘሩ ደክሟል። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ! «ሞቷል» ተብሎ መጥቶ፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ ተብሎ ሲጠረግ የተነሳ ብዙ ነው። የሌዘሩን ብሎን አዙሮ ኃይል የሚጨምር ሠራተኛ ካጋጠመህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ለጊዜው ያነባል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል።

ጥያቄ፦ ኦሪጂናሉን ያነባል፣ ኮፒ ያደረግኩትን እምቢ አለ።

መልስ፦ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ኮፒ የሚደረግበት ሲዲ የሚመልሰው ብርሃን ያነሰ ነው። እየተሰረዘ የሚጻፍበትማ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ድሮዎቹ ብዙዎቹ አያውቁትም።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣ አገኘሁ። ልሰካው?

መልስ፦ እንዳትሰካው! ጀርባውን አንብብ። የጃፓን 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። እኔ አንዱን አቃጥዬ ነው የተማርኩት።

ጥያቄ፦ ሶኒ ይሻላል ፊሊፕስ?

መልስ፦ ሲዲን የፈጠሩት ሁለቱ አብረው ስለሆነ አላጣላቸውም። እኔ የምጠይቀው ሌንሱ መለዋወጫ ይገኝለታል ወይ ብዬ ነው። የሶኒው ኬኤስኤስ-213 የሚባለው ሌንስ በብዙ ማጫወቻዎች ውስጥ ስለገባ ተመሳስሎ የተሠራው ይገኛል። ውድ ሆኖ ሌንሱ ከገበያ የጠፋ ዕቃ ግን የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «አሁን መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ቢለኝስ?

መልስ፦ መብራት ሲመጣ ተመለስ።