በለሷን ጋቢ አታልብሷት

አምና የሕማማት ማክሰኞ ነው። ፍኖተ ሰላም ገና አልነጋም። ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ ደህና ወሬ ይዞ አይመጣም፤ ደንግጬ አነሳሁት። ሚኒሶታ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። እዚያ ገና ሰኞ ማታ ነው።

«ጋሼ፣ በለሷ ደረቀች» አለችኝ።

የሕማማት ሰኞ መርገመ በለስ እንደሚባል ታውቃላችሁ። ፍሬ የታጣባት በለስ የተረገመችበት ዕለት ነው። ልጅቱ ይህንኑ ስትሰማ፣ ስትሰግድ ውላ ቤቷ ትገባለች። ጋራዥ ያስቀመጠቻትን ችግኝ ብታያት እንጨት ብቻ ቀርታለች። አንድ ቅጠል የለም። ነቅላ ልትጥላት ስትል ነው እኔ ትዝ ያልኳት።

«በይ ግንዷን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊልኝ» አልኳት። «ብዙ አይደለም፤ ላይኛው ስስ ቅርፊት እስኪነሳ ብቻ።»

ካሜራውን አዞረችልኝና ፋቀችው። ከግራጫው ቅርፊት ሥር እንደ ቃሪያ ያለ እርጥብ አረንጓዴ ብቅ አለ።

«ጋሼ! አረንጓዴ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ተኝታለች። አሁን እኔንም አስተኚኝ።»

እኔ ሚኒሶታ 21 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ውስጥ 14ቱን ዓመት በለስ በባልዲ አሳድጌአለሁ። ሁለት ገድያለሁ። የባልዲ በለስ የዚያን አገር ዊንተር፣ የብርዱን ወራት፣ እንድትሻገር የምሰጣችሁን ምክር በአብዛኛው የተማርኩት ከሁለቱ ሟቾች ነው።

መጀመሪያ ስለ የቱ በለስ እንደማወራ ልናገር። የጎጃም ሰው በለስ ሲባል ወደ ዓባይ የሚገባው ወንዝ ትዝ ይለዋል። የትግራይ ልጅ ደግሞ እሾሃሙን ያስባል። እኔ የምለው አዳምና ሔዋን በቅጠሉ የተሸፈኑበትን፣ ፈረንጅ ደረቁን በኬክ የሚበላውን ነው። ባዳ እንዳይመስላችሁ፤ የሾላና የዋርካ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅርንጫፉን ብትቆርጡት ያው ነጭ ወተት ይወጣዋል። ያ ወተት ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ይለበልባል። ስትገርዙ ጓንት አድርጉ።

ሾላ ቆርሶ ያየ ሰው ደግሞ ውስጡ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ነፍሳት አይረሳም። ሾላ ያለ እነሱ ዘር አይዝም። እዚያ ችግኝ መሸጫ የምታገኙት በለስ ግን አብዛኛው ያለ ነፍሳት እርዳታ ፍሬውን ያበስላል፤ እሱ አያሳስባችሁ። መምረጥ ከቻላችሁ «ቺካጎ ሃርዲ» የሚባለውን ዓይነት ያዙ፤ ብርድ በመቻል ስም ያለው ነው። ከሀገር ቤት ቁራጭ በሻንጣ እወስዳለሁ ብላችሁ ግን አትልፉ። እኔ የጌሾ ቁራጭ በጋቢ ጠቅልዬ ሄጄ አየር ማረፊያ ላይ አስረክቤ ወጥቻለሁ። ተክል ያለ ጤና ማረጋገጫ ወረቀት አይገባም። ጥፋቱ የኔው ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የኛን ሰው በለስ የሚገድለው ንፉግነት አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። በኛ አገር ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው በበጋ ነው። ኮርች እርቃኑን ቆሞ ቀይ አበባ ሲያብብ አይተን አድገናል። ስለዚህ ቅጠል የሌለው ዛፍ ስናይ የጠማው ይመስለናል። ከዚያ ውሃ እናጠጣዋለን። ሳሎን እናስገባዋለን። ጋቢ እናለብሰዋለን። የዚያ አገር ዛፍ ግን የሚራቆተው በብርድ ምክንያት ነው፤ የሚፈልገውም እንዲተዉት ነው።

የመጀመሪያዋን በለሴን የገደልኳት በጋቢ ነው። ያን ጊዜ አፓርትመንት ነበርኩ። ባልዲዋን በረንዳ ላይ ትቼ በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልኩ፤ ግንዷን ካርቶን አለበስኩ። ጮቄ ተራራ ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ውርጭ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። የጮቄ ውርጭ ግን ሌሊት መትቶ ረፋድ ላይ ይቀልጣል። የሚኒሶታው ከመጣ አይሄድም። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የሚገባበት ሌሊት አለ። እኛ ጋ ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። እዚያ ሙሉ በሬም አይበቃ።

ጋቢ ለሰው የሚሞቀው ሰውየው ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ነው። ባልዲ ሙቀት አያወጣም። ጋቢው ብርዱን አንድ ሌሊት ቢያዘገየው ነው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሲቀጥል ባልዲው ውስጥ ያለው አፈር ልክ እንደ ውጭው አየር ይሆናል። መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ከሥሩ ሰፊ መሬት አለው፤ ብርዱ ቶሎ አይደርስበትም። ባልዲ ውስጥ ያለውን ግን በአራቱም ጎን ይይዘዋል። ቀድሞ የሚሞተውም ሥሩ ነው፣ ከዓይን የተሰወረው። ሚያዝያ ላይ ጋቢውን ፈትቼ አፈሩን ስቆፍር ሥሮቿ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልመው ጠበቁኝ።

ሁለተኛዋን የገደልኳት በተቃራኒው ነው። ከመጀመሪያዋ ተምሬ ሳሎን፣ ሂተሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። ቅጠሏን አላረገፈችም፤ ደስ አለኝ። ታኅሣሥ ላይ ቀጫጭን፣ የገረጣ ቅርንጫፍ ማውጣት ጀመረች። ከዚያ ከቅጠሎቿ ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ታየ። ሸረሪት አይደለም፤ ደረቅና ሞቃት ቤት የሚወዱ፣ በዓይን እምብዛም የማይታዩ ተባዮች ናቸው። እኔ ደግሞ ቢጫ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ውሃ እጨምር ነበር። የካቲትን አልጨረሰችም።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። ማዳበሪያ አቁሙ። በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ማዳበሪያ የጠጣ ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ለጋው ዊንተርን አይሻገርም። መስከረም ላይ ውሃውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ። ሚኒያፖሊስ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ፣ በነሱ ኦክቶበር ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ተጣድፋችሁ አታስገቧት። ቀዝቃዛ ሌሊት እንዲያገኛት ተዉአት። እንድትተኛ የሚነግራት እሱ ነው። ቅጠሏ ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል። ስስ ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረውም አትደንግጡ። ወጣት ግንድ ግን እንደ ትልቁ አይችልም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ይገባል ሲባል ቅጠሏን ጨረሰችም አልጨረሰችም አስገቧት። አንጠልጥላ የቀረችውን ቅጠልና ያልበሰለ ፍሬ ልቀሙላት፤ ዝግ ቤት ውስጥ ይሻግታል።

የት ትቀመጥ? እናቶቻችን ድንች የሚያስቀምጡበትን ጓዳ አስቡ። ጨለማ፣ ቀዝቃዛ፣ ግን ውርጭ የማይገባበት። በቁጥር ካላችሁ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በነሱ ፋራናይት ከ32 እስከ 45 ግድም ነው። ቅጠል ስለሌላት ብርሃን አትፈልግም። ከቤት ጋር የተያያዘ፣ ሂተር የሌለው ጋራዥ ካላችሁ እንደሱ ያለ የለም። ባልዲዋን ሲሚንቶ ላይ አታሳርፏት፤ ጣውላ አድርጉላት፤ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጓት። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አጠገቧ አድርጉ። በግምት መኖር ይቅር። ሌሊቱ እጅግ ሲከፋና ጋራዡ ከዜሮ በታች 5 ሲደርስ ለዚያች ሌሊት ወደ ቤት ብትገባ አይጎዳትም፤ ሲሻለው መልሷት። አይጥ ካለ ግንዷን በሽቦ ወንፊት ክበቡት፤ አይጥ በዊንተር የወጣት ዛፍ ቅርፊት ይልጣል። ዙሪያውን ከላጠው ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው ያከትምለታል።

ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ላይ ተጠንቀቁ። የቤት ማሞቂያው ማሽን ያለበት ቤዝመንት ይሞቃል። ሙቀት ያገኘ ድንች ጨለማ ውስጥ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ ታውቃላችሁ፤ ያ ነጭ፣ ቀጭን፣ ረጅም ነገር። በለስም እንደዚያው ታደርጋለች። ጥር ላይ እንዲህ ካገኛችኋት እንቅልፏን አጥታለችና ወደሚቀዘቅዝ ቦታ ውሰዷት።

የውሃው ነገር ብዙ ያጨቃጭቃል። ወር በገባ ቁጥር ባልዲዋን ከፍ አድርጋችሁ መዝኗት። ከብዳ ከሆነ ምንም አታድርጉ። ቀልላ ከሆነ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደርቆ ከሆነ አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ በቃ። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ውስጥ ላለች ወጣት በለስ ይህ በወር አንድ ጊዜ ይበቃታል። አፈሩ ጨርሶ ዱቄት አይሁን፣ ጭቃም አይሁን። የተኛ ሥር ብዙ ውሃ አይጠጣም፤ ውሃው ተኝቶበት ይበሰብሳል። የእህቴ ልጅ «ሳያት አሳዘነችኝ» ብላ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታጠጣት ነበር። ያዳናት የባልዲዋ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ የሌለው ባልዲ ካላችሁ ዛሬውኑ ብሱት።

መግረዝ ካማራችሁ እንቅልፏን ሳትጨርስ፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት አድርጉት። በመጀመሪያው ዓመት ግን የሞተውን ጫፍ ከማንሳት በቀር ምንም ባትነኩ እመርጣለሁ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ደረሰ። መጋቢት ላይ አንድ ሳምንት ፀሐይ ይወጣል። ፈረንጁ በቁምጣ ይሄዳል። እናንተም ባልዲውን አቅፋችሁ ትወጣላችሁ። እኔም ወጥቻለሁ። ሦስተኛዋ በለሴ በዚያ ሙቀት ተታላ ቅጠል አወጣች፤ እንደ አይጥ ጆሮ ያሉ፣ ደስ የሚሉ ቅጠሎች። አንድ ሌሊት ውርጭ መጣና ጠዋት ላይ ሁሉም ጠቁረው ተንጠለጠሉ። አልሞተችም፤ ከሥር አቆጠቆጠች። ግን አንድ ወር ባከነባት። የሚኒሶታ ሰመር አጭር ስለሆነ የዚያ ዓመት ፍሬ እንደ ጠጠር አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። የመጨረሻው ውርጭ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ በነሱ እስከ ሜይ አጋማሽ ሊቆይ ይችላል። ጎረቤት የቲማቲም ችግኙን ወደ ውጭ እስኪያወጣ ጠብቁ። ቸኩላችሁ ካወጣችሁም ማታ ማታ እንደ ጥጃ እያስገባችሁ ነው። ስትወጣ መጀመሪያ ጥላ ላይ፣ ከሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ ሙሉ ፀሐይ። ጨለማ ውስጥ የወጣ ቅጠል በአንድ ቀን ፀሐይ ይቃጠላል። ማዳበሪያም ቅጠሉ ከተዘረጋ በኋላ ነው።

እስከ ሰኔ ምንም ካላወጣች ደግሞ በጥፍር ወደ ታች እየፋቃችሁ ሂዱ። ላዩ ደርቆ ታቹ አረንጓዴ ከሆነ እዚያ ድረስ ቁረጡት። ከአፈር በላይ ያለው ሁሉ ቢደርቅም ሥሩ ደህና ከሆነ ከታች ታበቅላለች። እኔ በሐምሌ የበቀለች አይቻለሁ።

የእህቴ ልጅ በለስ ግንቦት ላይ ቅጠል አወጣች። ጳጉሜን ላይ የ6 ፍሬ ፎቶ ላከችልኝ፤ አንዱን ለሁለት ገምሳ፣ ውስጡ የበሰለ ጉበት መስሎ። ከቅርንጫፏም ሁለት ቁራጭ ሥር አስይዛ አንዱን ለጓደኛዋ፣ ለሉማሜዋ ልጅ ሰጠቻት። ችግሩ ልጅቱ ጋራዥ የላትም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። እንዲህ ላላችሁ ሁለት መንገድ አለ። ችግኟ ገና እርሳስ የምታክል ከሆነች በቂ ስንቅ የላትምና የመጀመሪያውን ዊንተር አታስተኟት። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት፣ ከሂተር አርቃችሁ፣ እንደ ቤት ተክል አቆዩአት። ቅጠሏን በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት። ከጠነከረች ደግሞ በየሕንፃው የማይሞቅ ጥግ አይጠፋም፤ የደረጃ ሥር፣ ዕቃ ቤት፣ የብስክሌት ማቆሚያ።

የሉማሜዋ ልጅ በለስ ፈጥና አድጋ ኅዳር ላይ አውራ ጣት አክላ ነበርና የሕንፃውን ተቆጣጣሪ አስፈቅዳ ደረጃ ሥር አስተኛቻት። በሳምንቱ የጽዳት ሠራተኛው ደረቅ እንጨት መስሎት ከቆሻሻው ጋር ሊያወጣት ሲል በሩ ላይ ደረሰችበት። አሁን ባልዲዋ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፦ «አልሞተችም። ተኝታለች። እባክዎን አይጣሏት።» የጽዳት ሠራተኛው ለካ የቡሬ ልጅ ኖሮ፣ ያነበበው አማርኛውን ነው።